ከዱቄት የታተመ ብረት ውስጡ ምን ያህል ሙሉ ነው? ዱቄት መደባለቅስ ምን ይጠቅማል?

ከዱቄት ክምር ውስጥ በብሩሽ እየተጠረገ ጥርስ ያለው የብረት ጊር ሲወጣ የሚያሳየውን አይነት ቪዲዮ ስልኩ ላይ ያላየ ሰው አሁን ያለ አይመስለኝም። ሰው ሲያወራበት ደሞ ሁለት ጎራ ነው፣ አንዱ "በቃ መለዋወጫ ከውጭ ማስመጣት ቀረ፣ እዚሁ ፒያሳ አንድ ክፍል ተከራይቶ ማተም ነው" ይላል፣ ሌላው "ይሄ ለጌጥ ነው፣ መኪና ላይ ቢገጠም በሳምንቱ ይሰበራል" ይላል። ሁለቱም አንድ ነገር አምልጧቸዋል። እንደዛ በብሩሽ ተጠርጎ የሚወጣው ጊር ገና ግማሹ አየር ነው፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ብትይዙት እጃችሁ ላይ ይፈረካከሳል። የምር ብረት የሚሆነው ከዛ በኋላ ምድጃ ገብቶ ነው፣ ምን ያህል ሙሉ ብረት ሆኖ እንደሚወጣ ደሞ በአብዛኛው የሚወስነው ዱቄቱ ነው፣ ምን ያህል ደቃቅ ነው፣ ደቃቁ ከወፍራሙ ጋር በምን መጠን ተደባለቀ የሚለው። ስለሱ ነው ዛሬ የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገር፣ ብረት ከዱቄት እንዴት ይታተማል?

ብዙዎቻችን የምናውቀው 3ዲ ፕሪንተር የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ የሚደራርበውን ትንሹን ማሽን ነው። የብረቱ ሌላ ነገር ነው፣ በብዛት የሚሰራበት ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው በሌዘር ነው። ማሽኑ ስስ የብረት ዱቄት ያነጥፋል፣ ውፍረቱ ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፣ የሰው ጸጉር 70 ገደማ ይሆናል)፣ ከዛ ሌዘሩ የሚፈለገውን ቅርጽ ብቻ እየተከተለ ዱቄቱን ያቀልጠዋል፣ እንደገና ይነጠፋል፣ እንደገና ይቀልጣል፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ያድጋል። ዱቄቱ ቀልጦ ስለሚረጋ በደንብ ከተሰራ ከ99% በላይ ሙሉ ብረት ነው። ይሄ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያበራቸው ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖች ሊፕ የሚባል ሞተር ነው ያላቸው፣ የዚህ ሞተር ነዳጅ የሚረጨው አፍንጫ ጫፉ በሌዘር የታተመ ነው። ድሮ 20 ገደማ ቁርጥራጭ ተያይዞ ይሰራ የነበረው አሁን አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል፣ ክብደቱም በ25% ቀንሷል። ችግሩ ሌዘር ውድ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሰራው።

ሁለተኛው በሙጫ ነው፣ ባይንደር ጄቲንግ ይሉታል። እሱም ዱቄት ያነጥፋል፣ ግን በሌዘር ፋንታ የወረቀት ፕሪንተር ቀለም እንደሚረጭበት አይነት ጭንቅላት አለው፣ ቅርጹ ባለበት ቦታ ላይ ፈሳሽ ሙጫ ጠብ ጠብ እያደረገ ያልፋል። የተፈጠረው አሜሪካ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የፈጠራ ማመልከቻው የገባው በፈረንጆቹ 1989 ነው። እዚህ ጋ ምንም የሚቀልጥ ነገር የለም፣ ስለዚህ ፈጣን ነው፣ በአንዴ ብዙ ቁራጭ ያትማል። ግን አትሞ ሲጨርስ ያላችሁ ነገር በሙጫ የተያያዘ ዱቄት ነው። እዚህ ጽሁፍ ላይ ጥሬው ቁራጭ እያልኩ የምጠራው እሱን ነው። ጥሬው ቁራጭ ምድጃ ይገባል፣ መጀመሪያ ሙጫው ይቃጠልና ይወጣል፣ ከዛ ሙቀቱ ከፍ ይላል፣ ለምሳሌ 316 የሚባለው የማይዝግ ብረት (ስቴይንለስ ስቲል) ከሆነ እስከ 1370 ዲግሪ ገደማ፣ ሊቀልጥ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። እዛ ላይ የዱቄቱ ቅንጣቶች ሳይቀልጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ መካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ እየተዘጋ ይሄዳል፣ ቁራጩም ይኮማተራል። ይሄ ሲንተሪንግ ይባላል። የዱቄት መደባለቅ ጉዳይ በብዛት የሚነሳው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ስለሱ ነው የማወራው።

ውስጡ ቀዳዳ ቢኖረው ምን ይጎዳል?

በአይን አይታይም፣ ፎቶ ላይም አይታይም፣ ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከዛ ነው። ብረት ላይ ጭነት ሲመላለስበት፣ ማለትም ሲጫን ሲለቀቅ፣ ሃይሉ ቀዳዳው ጫፍ ላይ ይከማችና ከዛ ትንሽ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይረዝማል፣ አንድ ቀን ጊሩ ጥርሱን ይጥላል። ሁለተኛ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ከተገናኙ ፈሳሽ ያሳልፋል፣ ፍሬን ዘይት ወይ ሃይድሮሊክ የሚይዝ ነገር ከሆነ ግፊቱ ሲጨምር ውጪው ላብ ያወጣል።

ግን ቀዳዳ ሁሌ ጠላት አይደለም፣ ይሄ ብዙ ሰው አያውቀውም። የመኪና ሞተሪኖ ተፈቶ አይታችሁ ከሆነ ዘንጉ የሚሽከረከርባት ትንሽዬ የነሃስ ቡሽንግ አለች። ብዙውን ጊዜ እሷ ከመዳብና ከቲን ዱቄት ድብልቅ ነው የምትሰራው፣ 90 እጅ መዳብ 10 እጅ ቲን (ቲን ማለት ራዲዮ ሰሪዎች ስታኞ የሚሉት ውስጥ ያለው ነው)። ተጨምቃ ምድጃ ስትገባ ቲኑ በ232 ዲግሪ ቀድሞ ይቀልጥና ወደ መዳቡ ይሰርጋል፣ ቲኑ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፣ ከዛ ቀዳዳዎቹ ሆን ተብሎ ዘይት ይሞላባቸዋል። ዘንጉ ሲዞርና ሲሞቅ ዘይቱ ወጣ ይላል፣ ሲቆም ተመልሶ ይመጠጣል። አይታተምም፣ በፎርማ ነው የሚጨመቀው፣ ግን የተደባለቀ የብረት ዱቄት ሶማሌ ተራ መሳቢያ ውስጥ ድሮውንም አለ። ስለዚህ ጥያቄው ቀዳዳ አለው የለውም ሳይሆን ለምን ስራ ነው፣ ስንት ፐርሰንት ነው የሚለው ነው።

ታዲያ ዱቄት ማደባለቅ ለምን አስፈለገ?

እዚህ ጋ ቶሎ የሚገባው ኮንክሪት ሲቦካ ያየ ሰው ነው፣ መሃል አዲስ አበባ እየኖረ ያላየ ደሞ የለም። አንድ ሳጥን ጠጠር ሙሉ። ሞላ ብላችኋል ግን ጠጠሩ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ብዙ ነው፣ ላዩ ላይ አሸዋ ብትጨምሩበትና ብትነቀንቁት አሸዋው ሾልኮ ይገባል፣ ሳጥኑ ሳይጨምር ክብደቱ ይጨምራል። ሲሚንቶው ደሞ አሸዋው መሃል ይገባል። በጠጠር ብቻ ኮንክሪት የማይሞላው ለዚህ ነው።

የብረት ዱቄትም ያው ነው። አንድ መጠን ያላቸው ክብ ቅንጣቶች ዝም ብለው ተደፍተው በደንብ ቢነቀነቁ የሚይዙት ቦታ 64% ገደማ ነው፣ ቀሪው 36% አየር ነው። ቅንጣቶቹ የብረት ይሁኑ የመስታወት፣ ትልቅ ይሁኑ ትንሽ ለውጥ የለውም፣ ሁሉም እኩል ከሆኑ እዛው 64 አካባቢ ነው የሚቆሙት። ብርቱካን ሻጭ እንደሚደረድረው አንድ በአንድ ብትደረድሩ እንኳ 74% ነው ጣሪያው። ማሽን ላይ ደሞ ዱቄቱ በሮለር ተዳምጦ ስለሚነጠፍ ያን ያህል አይነቀነቅም፣ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60% ነው።

አሁን ደቃቅ እንጨምር። 100 ሊትር ሳጥን ውስጥ ወፍራሙ 64 ሊትር ያዘ፣ 36 ሊትር ባዶ ነው። ያንን ባዶ በጣም በደቀቀ ዱቄት ብትሞሉት ደቃቁም በራሱ 64% ስለሚሞላ 23 ሊትር ይገባል። ድምሩ 87 ሆነ። ከጠቅላላው ብረት ውስጥ ደቃቁ ሩብ ትንሽ አለፍ ያለ ነው፣ ወፍራሙ ሶስት ሩብ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ይሄ በወረቀት ላይ ያለው ጣሪያ ነው፣ በተግባር እዛ አይደረስም ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

ደቃቁ ምን ያህል መድቀቅ አለበት ለሚለው ጂኦሜትሪው ራሱ ይመልሳል። ሶስት እኩል ኳሶች ተነካክተው ሲቀመጡ መሃላቸው በሚቀረው ባለ ሶስት ማእዘን ቀዳዳ ማለፍ የምትችለው ኳስ ከነሱ 6.5 ጊዜ ያነሰች መሆን አለባት። ከዛ ከተለቀች አታልፍም፣ እንደውም ትልልቆቹን ትገፋቸዋለች። በ1961 ማክጊሪ የተባለ ተመራማሪ የብረት ኳሶችን እየነቀነቀ ለክቶ ቢያንስ 7 እጥፍ ልዩነት ያስፈልጋል ያለውም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ወፍራሙ 35 ማይክሮን ከሆነ ደቃቁ 5 ማይክሮን ወይ ከዛ በታች ነው መሆን ያለበት፣ 35ን ከ20 ጋር ማደባለቅ ብዙም ለውጥ አያመጣም።

ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? አንዱ መኮማተሩ ላይ ነው። ከ50% ተነስቶ 98% ለመድረስ ቁራጩ በየጎኑ 20% ገደማ ማጠር አለበት፣ 100 ሚሊሜትር ያተማችሁት 80 ሆኖ ይወጣል። ከ60% ከተነሳ 15%፣ ከ70% ከተነሳ 11% ገደማ ነው። ፋይሉ ላይ አስቀድሞ አስፍቶ ማተም ይቻላል፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርጉት፣ ነገር ግን መኮማተሩ በበዛ ቁጥር እኩል ያለመኮማተር እድሉ ይበዛል፣ ቀጭኑ ጎን ይጣመማል፣ የቦልት ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። ትንሽ የሚኮማተር ነገር ልኩን ለመጠበቅ ይቀላል።

ጥቅጥቅ ብሎ የገባ ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣል ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ማብራሪያ የሚሰጡ ሰዎችም ጭምር፣ ዱቄቱ ጥሩ ከሞላ ቁራጩም ጥሩ ይሞላል ብለው ያልፉታል። አልጋው ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ባነጠፈው ዱቄት ላይ፣ ጥቅጥቅ ማለትና ከምድጃ ጥቅጥቅ ብሎ መውጣት ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ምክንያቱን ለማየት ምድጃው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ጠጋ ብለን እንይ። ቅንጣቶቹን አንድ የሚያደርጋቸው የላይኛው ገጽታቸው ነው፣ ማንኛውም ነገር ገጽታውን መቀነስ ይፈልጋል፣ ሁለት ትናንሽ ቅንጣቶች ተነካክተው ሲሞቁ አቶሞቹ ወደ መነካኪያቸው እየሄዱ አንገት ይሰራሉ፣ አንገቱ ይወፍራል፣ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ። 5 ማይክሮን የሆነ ዱቄት አንድ ግራሙ ላይ ያለው ገጽታ ከ30 ማይክሮኑ 6 እጥፍ ነው። ፍጥነቱ ላይ ግን ልዩነቱ 6 እጥፍ ብቻ አይደለም፣ ኸሪንግ የተባለው ሳይንቲስት ባወጣው ስሌት መሰረት ቅንጣቱ 6 እጥፍ ሲወፍር ለተመሳሳይ ሲንተሪንግ የሚፈጀው ጊዜ 200 እጥፍና ከዛ በላይ ሊሆን ይችላል። ማለትም ደቃቁ ጨርሶ ሲቀመጥ ወፍራሙ ገና አልጀመረም።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስቧቸው። ወፍራሞቹ ተነካክተው እንደ አጥንት ቆመዋል፣ እነሱ አይቀራረቡም። ደቃቆቹ መሃል ሆነው መኮማተር ይፈልጋሉ፣ ግን አጥንቱ አያስገባቸውም፣ ስለዚህ እርስ በርሳቸው ይጓተቱና ከወፍራሙ ግድግዳ ላይ እየተላቀቁ ዙሪያውን አዲስ ክፍተት ይፈጥራሉ። አልጋው ላይ ያልነበረ ክፍተት ምድጃ ውስጥ ተፈጠረ ማለት ነው። ለዚህ ነው ከደቃቅ ብቻ የተሰራ ቁራጭ ከ52% ተነስቶም ቢሆን ብዙ ተኮማትሮ ሙሉ የሚሆነው፣ በደንብ ያልተመጠነ ድብልቅ ግን ከ62% ተነስቶ 90 ላይ ሊቆም የሚችለው።

አሜሪካ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ በመዳብ ዱቄት የተሰራ ሙከራ ይሄንን በቁጥር ያሳያል። ሁለት መጠን ሲደባለቅ የአልጋው ጥቅጥቅነት እስከ 8% ገደማ ተሻሻለ፣ ከምድጃ ሲወጣ የነበረው መሻሻል ግን 4% ገደማ ነው። ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ። ጥቅም አለው፣ ግን አልጋው ላይ የሚታየው ያህል አይደለም፣ እኔ ይሄን ቁጥር የማይናገር ሻጭ ቢያጋጥመኝ አላምነውም።

እና ማሽኑ ላይ ምን ያስቸግራል?

ደቃቅ ዱቄት አይፈስም። ከ10 ማይክሮን ሲያንስ ቅንጣቱ ክብደቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ሃይል ያሸንፈዋል፣ ይጓጉላል፣ ሮለሩ ሲገፋው እየተቆራረሰ ይሄዳል፣ አልጋው ላይ ጭረት ይቀራል። እርጥበት ደሞ ይብሳል፣ ክረምት ላይ ክፍት የቆየ ጣሳ ውስጥ ያለ ደቃቅ ዱቄት ሳይደርቅ ማሽን ላይ ባይደፋ ይሻላል። እዚህ ጋ ወፍራሙ ደቃቁን ያግዘዋል፣ አብሮት ይፈሳል።

ሌላው መለያየት ነው። ኮንክሪት ላይ ቫይብሬተር ሲበዛበት ጠጠሩ ወደ ታች እንደሚወርደው ድብልቅ ዱቄትም ሲጓጓዝና ሲነቀነቅ ይለያያል፣ ደቃቁ በወፍራሙ መሃል ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወፍራሙ ላይ ይቀራል። ጣሳው ላይ 70 ለ 30 የተባለው አልጋው ጫፍ ላይ 80 ለ 20 ሊሆን ይችላል፣ ቁራጩም አንድ ጎኑ ከሌላው ይበልጥ ይኮማተራል።

ደሞ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም፣ ደቃቅ የብረት ዱቄት ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ አሉሚኒየምና ቲታኒየም ከሆነ ደሞ አየር ላይ ተበትኖ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። በተራ ማስክና በመጥረጊያ የሚሰራ ስራ አይደለም።

የተለያየ አይነት ብረትስ ይደባለቃል?

አዎ፣ እስካሁን ያልኩት የመጠን ድብልቅ ነው፣ የአይነት ድብልቅም አለ። ጥሩው ምሳሌ ቶርኖ ቤት ውስጥ ያለው የካርባይድ መቁረጫ ጫፍ ነው። ተንግስተን ካርባይድና ኮባልት ዱቄት ተደባልቆ ነው የሚሰራው፣ 1400 ዲግሪ አካባቢ ላይ ኮባልቱ ከካርባይዱ ጋር ሆኖ ፈሳሽ ይሆናል፣ ካርባይዱ ግን ጠጣር እንደሆነ ይቆያል። ፈሳሹ በየክፍተቱ እየገባ ቅንጣቶቹን ይጎትታቸዋል፣ አጥንት የሆኑትን ሳይቀር ቦታ ያስቀይራቸዋል፣ ስለዚህ ከላይ ያልኩት የደቃቅና ወፍራም ጠብ በብዛት ይፈታል፣ ሙሉ በሙሉ ጥቅጥቅ ይላል። በማይዝግ ብረት ላይም ከግማሽ ፐርሰንት ያነሰ ቦሮን በመጨመር ተመሳሳይ ፈሳሽ ማምጣት ይቻላል፣ ግን ከበዛ ብረቱን ያሰባብረዋል፣ ቅርጹም ምድጃ ውስጥ ይዘምማል።

በሌዘሩም በኩል ድብልቅ ትልቅ ስራ ሰርቷል። 7075 የሚባለው ጠንካራ አሉሚኒየም በሌዘር ሲታተም ይሰነጣጠቅ ነበር፣ በ2017 ኤችአርኤል የተባለ የአሜሪካ ላቦራቶሪ የዱቄቱ ቅንጣት ላይ ናኖ መጠን ያለው የዚርኮኒየም ውህድ ለጥፎ ሳይሰነጠቅ አተመው። እዛ ላይ ድብልቁ ባዶ ቦታ ለመሙላት ሳይሆን ብረቱ ሲረጋ በትናንሽ ክሪስታል እንዲረጋ ለማድረግ ነው።

ሶማሌ ተራ የሚሸጠውን መለዋወጫ በዚህ መስራት ይቻላል?

አንዳንዱን አዎ። ትንሽ፣ ውስብስብ ቅርጽ ያለው፣ ጭነቱ መካከለኛ የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የፓምፕ ውስጥ ክንፍ ወይ የመቆለፊያ ክፍል በደንብ ይሆናል። ወፍራምና ትልቅ ነገር ይከብዳል ምክንያቱም ሙጫው ከመሃሉ ተቃጥሎ ሳይወጣ ይቀራል፣ ለቀላል ዘንግ ደሞ ቶርኖ ቤት ሄዶ ማስቀረጽ ይረክሳል፣ የተቀረጸው ብረት ውስጡም ሙሉ ነው። ፕሪንተሩ ብቻውን ደሞ ዋጋ የለውም፣ ከበስተጀርባው አየር የማያስገባ፣ በሃይድሮጅን ወይ በአርጎን የሚሰራ፣ ለብዙ ሰአት መብራት ሳይጠፋበት ሙቀቱን በዲግሪ የሚጠብቅ ምድጃ ያስፈልጋል። ከፒያሳዋ አንድ ክፍል ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው።

ጥቅጥቅነቱን ራሴ ማወቅ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ የወርቅ ቤት አይነት ጥሩ ሚዛን ካለ በቂ ነው። ቁራጩን በአየር ላይ መዝኑት፣ 72 ግራም ሆነ እንበል። በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ ሲሰጥም መዝኑት፣ 62 ሆነ። ልዩነቱ 10 ግራም ነው፣ ስለዚህ ቁራጩ የያዘው ቦታ 10 ሲሲ ነው። 72ን ለ10 ስናካፍል 7.2። ሙሉ የሆነ 316 ብረት 8 ገደማ ስለሆነ 90% ነው ማለት ነው።

ግን ውሃው ውስጥ ሲገባ አረፋ ካወጣና የሚዛኑ ቁጥር ቀስ እያለ ከጨመረ አትመኑት፣ ውሃው ወደ ውጪ በተከፈቱት ቀዳዳዎች እየገባ ነው፣ ያኔ ቁጥሩ ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ይታያል። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ደረቁን ይመዝኑታል፣ ከዛ አየሩን በፓምፕ እየሳቡ በዘይት ያጠግቡታል፣ ላዩን ጠርገው በአየርም በውሃም እንደገና ይመዝኑታል። ያው ቁራጭ ዘይት ጠግቦ በአየር 72.35 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 61.95 ቢሆን ትክክለኛው ቦታው 10.4 ሲሲ ነው፣ ደረቁ 72 ለ10.4 ሲካፈል 6.92 ይመጣል፣ እና 90% ያልነው ብረት 86.5% ነው።

ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም። በሙቀትና በ1000 ባር ገደማ ጋዝ ከሁሉም አቅጣጫ ጨምቆ የቀረውን ቀዳዳ የሚዘጋ ሂፕ የሚባል ማሽን አለ፣ እሱ ግን የሚሰራው ቀዳዳዎቹ ወደ ውጪ ካልተከፈቱ ብቻ ነው፣ ቁራጩ ብዙውን ጊዜ ከ92% ካለፈ በኋላ ማለት ነው። 86.5% ላይ ያለውን ቁራጭ ሂፕ ውስጥ ብታስገቡት ጋዙ በተከፈተው ቀዳዳ ውስጡ ይገባል፣ ገብቶ ይወጣል፣ እነዛ ቀዳዳዎች እንዳሉ ይቀራሉ።